የእማዬ መንጋጋ የተሰበረው እንዲህ ነው

እታለሜ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ድምፄን መስማት እንደማትፈልጊ ባውቅም ሰላምታ የእግዜር ነውና አላስቀረውም፤ እንደምን ከረምሽ? በብርድ የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ቀስፎ ይይዝሻል? ጋሼ ባለቤትሽስ እንዴት ናቸው? ትልቋ ልጅሽን ሳሉ ለቀቃት? ትንሹስ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደው? አማትሽ ዓይናቸውን ከታከሙ ወዲህ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ጀመሩ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው? እኔ ሁለት የጎን አጥንቴ ተሰንጥቆ፣ ግራ ጆሮዬ በሰባት ክር ተሰፍቶ ይኸው በሕይወት አለሁ። እማዬም አለች። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩልሽ የቀረውን እስክታነቢ ልብሽ ቀጥ እንዳይል ብዬ ነው። እማዬ አለች፤ ትሰማለች፣ ትጽፋለች፣ ከሁሉም በላይ ትቆጣለች።

አጎታችን ደውሎ ምን እንዳለሽ አውቃለሁ። “ወንድምሽ የእናትሽን መንጋጋ በቡጢ ሰበረው” ነው ያለሽ። አንቺም “እጅህ ይቆረጥ” ብለሽ ጽፈሽልኝ ስልክሽን ዘጋሽብኝ። አልፈረድኩብሽም። በአንቺ ቦታ ብሆን ከዚያ የባሰ እል ነበር። ስልክ ይዘጋል፣ ወረቀት ግን አይዘጋም ብዬ ብዕር አነሳሁ። በሰፈሩ “ቡጢ” እያለ የሚጠራኝ በስሜ ከሚጠራኝ እንደሚበልጥ ታውቂያለሽ፤ የታክሲ ረዳቱን አፍንጫ የሰበርኩ ጊዜ ከፖሊስ ጣቢያ ለምነሽ ያስወጣሽኝ አንቺ ነሽ። ድመት ብትመነኩስ አመሏን አትረሳም እየተባልኩ ሰባት ዓመት ሙሉ ጎማ እየነቀልኩ፣ ቀዳዳ እየደፈንኩ፣ እጄን ሰብስቤ ኖርኩ። ስም ግን ቀዳዳው አይደፈንም።

አሁን የምነግርሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አንቺ በሄድሽ በዓመቱ የእማዬ ቀኝ ጡት ላይ እብጠት ወጣ፤ ካንሰር ነው ተባለ፣ ጡቷ ተቆርጦ ወጣ። አምና ደግሞ ወደ አከርካሪዋ ተዛመተ። “ሰው አገር ያለች ልጄን እንቅልፍ እንዳትነሳት” ብላ አስማለችኝ። በስልክ “ድምፅሽ ምነው ደከመ?” ስትያት “ጉንፋን ነው ልጄ” ስትል አጠገቧ ተቀምጬ ስልኩን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። ዋሽተንሻል፣ እታለም። ሆስፒታል በየወሩ እየወሰድኳት በክንዷ አንድ መድኃኒት ያንጠባጥቡላት ነበር፤ በሽታው አጥንቷን እንዳይበላው ነው አሉን። መድኃኒቱን አልሰድበውም። ጀርባዋን አሽሎት ነበር፤ ደረጃ መውጣት ጀምራ ነበር።

የዛሬ ስምንት ወር የታች ግራ መንጋጋ ጥርሷ ነዘነዛት። ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ፎቅ ላይ ወደሚሠራው የጥርስ ሐኪም ወሰድኳት። ራጅ ሳያይ አልነቅልም ብሎ ሆስፒታል ላከን፤ ሙሉ መንጋጋዋን አስነስተን ተመለስን፤ ነቀለላት። ስለዚያች ቀን አንድ የምጨምረው አለ፣ ቦታው ሲደርስ እነግርሻለሁ። የተነቀለው ሥፍራ ግን አልድን አለ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር። በቀኝ በኩል ብቻ ማኘክ ጀመረች። ቀጥሎ አፏን በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች ማውራት አመጣች። ቅርንፉድ በአፏ ይዛ ትውላለች፤ ከቅርንፉዱ ሥር ግን የሆነ የሚሸት ነገር ነበር። “ሐኪም ዘንድ እንሂድ” ስላት “ድድ ነው፣ ያልፋል” ትለኛለች። እኔም አመንኳት። ማመን ይቀለኝ ነበርና።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ገደማ፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። እማዬ ዳቦ በሻይ እየነከረች ትበላ ነበር። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ። ቀና ስል የፊቷ ታችኛው ግማሽ ወደ ግራ ሄዷል። ከዚያ ጩኸቷ መጣ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከሰው ጉሮሮ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ደምና መግል ተቀላቅሎ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። ዘልዬ አገጯን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ተንጠልጥሎ የሚወድቅ ነበር የመሰለኝ። ሕመሙ አሳብዷት ፊቴን ቧጠጠችኝ፣ በእግሯ ረገጠችኝ፣ ጠረጴዛው ተገለበጠ፣ ብርጭቆ ተሰበረ። እኔም በድንጋጤ “ዝም በይ! አትነቃነቂ! ዝም በይ አልኩሽ!” እያልኩ እጮህ ነበር።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በሩን ገፍታ የገባችው ያኔ ነው። እስቲ በእሷ ዓይን እይው፤ እማዬ መሬት ላይ፣ የእኔ ሁለት እጅ መንጋጋዋ ላይ፣ ደሙ እስከ ክርኔ፣ አፌ “ዝም በይ” እያለ። “ኡኡ! ቡጢ እናቱን ገደላት!” ብላ ወጣች።

መጀመሪያ የደረሰው ከግቢያችን ፊት ለፊት የሚሠራው በያጁ ነው። የብየዳ ጭንብሉን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ፣ መዶሻውን እንደያዘ ገባ። ትከሻዬን አለኝ፤ ወደቅሁ። ከዚያ በኋላ ስንት እንደነበሩ አልቆጠርኩም። አንዱ እጄ ላይ ቆመ። አንዱ ጸጉሬን ይዞ ግንባሬን ከወለሉ ጋር አጋጨው። ጆሮዬን ማን እንደቀደደው እስካሁን አላውቅም፤ ትኩስ ነገር አንገቴ ላይ ሲወርድ ብቻ ተሰማኝ። አጎታችን የአካፋ እጀታ ይዞ ደረሰ። “የእህቴን ደም!” አለና ጎኔን አንድ ጊዜ አቀመሰኝ፤ ደገመኝ። በሁለተኛው አጥንቴ ሲሰነጠቅ በጆሮዬ ሰማሁት። አንድም አልመለስኩም ብልሽ አታምኚኝም፤ እውነትሽን ነው፣ የበያጁን ሁለት ጣት ነክሻለሁ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፦ እማዬ በደረቷ እየተሳበች መጥታ ላዬ ላይ ተኛች። ሊናገር የሚሞክረው አፏ ደም ብቻ አወጣ። “አይደለም” ለማለት ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ ራሷን ስትነቀንቅ ግን መንጋጋዋ ለብቻው ሲወዛወዝ ያየ ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። “አይደለም” ማለቷን ያየላት ሰው አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች ከላዬ አነሳቻት፣ እነሱም ቀጠሉ። ሁለት ፖሊሶች መጥተው ባይጎትቱኝ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ አይኖርም ነበር።

አምስት ቀን ታሰርኩ። መርማሪው የአፍንጫውን ጊዜ ፋይል አውጥቶ ከፊቴ ዘረጋው። “ያኔ ወንድ ሰበርክ፣ ዛሬ አሮጊት። መታኋት በል፣ ይቀልልሃል” አለኝ። አልመታኋትም ስለው የተሰፋውን ጆሮዬን በጥፊ አለኝ፤ ሁለት ክር ተበጠሰ፣ እንደገና ተሰፋሁ። እማዬ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ወረቀት ሲሰጧት “ልጄ አይደለም” ብላ ጻፈች። መርማሪው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። አጎታችንም “እናት መቼ ልጇን አሳልፋ ትሰጣለች? ቢገድላትም አልነካኝም ነው የምትለው” አለ። ለካ እናት እውነት ስትናገርም አትታመንም። እኔ ብናገር አልታመን፣ እሷ ብትጽፍ አትታመን፤ እሷ መንጋጋዋን ይዛ አልጋ ላይ፣ እኔ ጎኔን ይዤ የእስር ቤት ወለል ላይ ተጋደምን።

ያተረፈችኝ የሆስፒታሉ የራጅ ክፍል ሐኪም ናት። አጭር፣ መነጽራም፣ ወሬ የማትወድ ሴት። መርማሪው “በምን ዓይነት ምት እንደተሰበረ ይገለጽልን” የሚል ደብዳቤ ልኮላት ነበር። ጥያቄው ራሱ መልሱን ወስኖ እንደመጣ ገብቷታል። እማዬን ከስምንት ወር በፊት በተነሳችበት በዚያው ማሽን እንደገና አነሳቻት፤ ከዚያም አጥንቱን እንደ ዳቦ ስስ ስስ አድርጎ እየቆረሰ በሚያሳየው በሲቲ ስካን። የድሮውን ራጅ ከኮምፒዩተሩ ፈልጋ አወጣች። በአምስተኛው ቀን መርማሪውን ወደ ክፍሏ ጠራችው፤ እኔንም በካቴና ይዞኝ ሄደ።

ክፍሉ ጨለምለም ያለ ነው፤ ሁለት ሰፋፊ ስክሪን ብቻ ያበራሉ። በግራው ከስምንት ወር በፊት የተነሳው፣ በቀኙ የአሁኑ የእማዬ መንጋጋ። በእርሳሷ ጫፍ የመንጋጋውን የታች ጠርዝ አሳየችን። “እዚህ ጋ፣ ጥርስ ባልተነቀለበት በቀኙ ጎን፣ አራት ነጥብ አንድ ሚሊ ሜትር ነበር፤ አሁን አምስት ነጥብ ሦስት ነው። በግራው ከአራት ነጥብ ሦስት አምስት ነጥብ ዘጠኝ ደርሷል። ትናንት ለካሁት፤ ዛሬ የትናንቱን ሳላይ እንደገና ለካሁት፤ ያው ነው” አለች። መርማሪው ሳቅ ብሎ “ዶክተር፣ ወፍሯል እያልሽኝ እኮ ነው። የወፈረ አጥንት እንዴት ይሰበራል?” አላት። እሷ አልሳቀችም። “ጠመኔም ወፍራም ነው” አለችው።

ከዚያ እንደ አስተማሪ አስረዳችው። ሰውነታችን አሮጌ አጥንት እያፈረሰ አዲስ የሚተካ የጥገና ሥራ አለው። ያ መድኃኒት ካንሰሩ አጥንቱን እንዳይበላው ሲከለክል ይህንንም የጥገና ሥራ ያቀዘቅዘዋል። ብዙ ሰው ምንም ሳይሆን ይወስደዋል፤ ጥቂቱን ግን፣ በተለይ ጥርስ ሲነቀል፣ ቁስሉ አልሞላ ይልና አጥንቱ ባለበት ይሞታል። እርሳሷን ወደ ግራው መንጋጋ አመጣችው። ከሌላው ተነጥሎ በጥቁር መስመር የታጠረ ቁራጭ ነበር። “ይህ የሞተ አጥንት ነው። እንዲህ ተነጥሎ ለመታጠር ወራት ይፈጅበታል። ቡጢ አንድ ቦታ ያርፋል፣ በአንድ ቅጽበት። ሁለቱንም ጎን ለስምንት ወር የሚመታ ቡጢ ካለህ ግን አምጣና አሳየኝ” አለችው። መርማሪው ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ካቴናዬን የፈታልኝ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ ይቅርታ ግን አላለኝም።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ከዚያች ክፍል ወጥቼ በቀጥታ ፎቅ መውጣትና እማዬን ማየት ነበረብኝ። አልወጣሁም።  “ነቀላት፤ ጥርሱን የነቀለው እሱ ነው” የሚል አንድ ሐሳብ ብቻ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞር ነበር። ጎማ ቤቴ ሄድኩ። የጎማ መንቀያውን ብረት አነሳሁ። ያበጠው ይፈንዳ አልኩ።

የጥርስ ሐኪሙን በር በእግሬ ነው የከፈትኩት። ወንበሩ ላይ የነበረ ሰው ጥጥ በአፉ እንደያዘ ተነስቶ ሮጠ። መብራቱን መታሁት፣ ስባሪው እንደ በረዶ ዘነበ። የመሣሪያ ሳህኑን ገለበጥኩት። ሐኪሙ እጆቹን ዘርግቶ “ወንድሜ፣ ምን አደረግሁህ?” አለኝ። “እናቴን ገደልካት!” ብዬ ሰነዘርኩ። ራሱን ነበር ያሰብኩት፤ ክንዱን ሲያነሳ የቀኝ እጅ አንጓው ላይ አረፈ። የሰማሁትን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት ቤታችን ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ከሕመሙ የተነሳ አስመለሰው። እኔ ግን ብረቱን እንደገና አነሳሁ፣ እታለም። አልዋሽሽም፤ አነሳሁ።

ያቆመችኝ ረዳቱ ናት። በዕድሜ የገፋች፣ ወፍራም፣ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት። አልጮኸችም። መሳቢያ ከፍታ አንድ ካርድ አወጣችና ፊቴ ላይ ወረወረችው። “አንብበው! ያንተ ጽሑፍ አይደለም? አንብበውና ከዚያ ግደለው!” አለችኝ።

የእማዬ ካርድ ነው። “ያለባት ሕመም?” ይላል፤ ከጎኑ “የለም”። “የምትወስደው መድኃኒት?” ይላል፤ ከጎኑ “የለም”። እግሩ የተጣመመ “ም” ነው፤ በልጅነታችን ጣቴን በማስመሪያ እየመታሽ ያላቃናሽው የእኔው “ም”። ስለዚያች ቀን እነግርሻለሁ ያልኩሽ ይህ ነው። ካርዱን ስሞላ እማዬ እጅጌዬን ሳበችና “የዚህ ሐኪም ሚስት የልብስ ሰፊዋ ደንበኛ ናት፤ ዛሬ ብትጽፈው ነገ ሰፈሩ ሁሉ ጡት የላትም እያለ ያወራብኛል፤ ስለ እናትህ ብለህ ተወው” አለችኝ። እኔም ተውኩት። ሐኪሙ ደግሞ በቃሉ “ምንም መድኃኒት አትወስድም?” ብሎ ሲጠይቀኝ “ምንም” አልኩት። ዓይኑን እያየሁ ነው ያልኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ስንሰማ አልኖርንም? እኛ ለሰፈር ብለን ደበቅን፣ ለአንቺ ብለን ደበቅን፣ በመጨረሻ ከሐኪም ደበቅን።

ብረቱ ከእጄ ወደቀ። ሐኪሙ አጠገብ ተንበረከክሁ፤ ሲያየኝ በሌላው እጁ ፊቱን ሸፈነ። የመሳቢያውን ስስ እንጨት ሰብሬ፣ በፎጣ ቅዳጅ አንጓውን አሰርኩለት፤ ጎማ የለመደ እጅ ማሰር ያውቅበታል። ደግፌ በታክሲ ሆስፒታል ወሰድኩት። ራጅ ክፍል ያቺው ሐኪም ነበረች። የእሱን እጅ አየች፣ የእኔን ፊት አየች፣ በጠዋቱ የፈታችኝን እኔን። “ይህኛውን መለካት አያስፈልገኝም” አለችኝ። ከበያጁ መዶሻና ከአጎታችን አካፋ ይልቅ ይህ ቃሏ ነው አጥንቴ የገባው። ከዚያ በእግሬ ሄጄ ለዚያው መርማሪ እጄን ሰጠሁ። “ምነው፣ ናፈቅንህ?” አለኝ።

አሁን በዋስ ወጥቻለሁ። ፍርድ ቤት የምቀርበው በሚመጣው ወር ነው፤ ጥፋተኛ ነኝ እላለሁ፣ ጠበቃዬም ይህንን እንዳያለባብስልኝ ነግሬዋለሁ። የሐኪሙ አንጓ በብረት ተያይዟል፤ ጣቶቹ እንደ ድሮው ይሠሩ እንደሆን ገና አይታወቅም። የእጅ ሙያተኛ እጅ ነው የሰበርኩት። ልጠይቀው ሄጄ በር ላይ ሚስቱ መለሰችኝ፤ መመለሷ ትክክል ነው። ልብስ ሰፊዋ የተቀደደ ሸሚዜን ሰፍታ በሩ ላይ አንጠልጥላልኝ ሄደች፤ ፊቴን ማየት አልቻለችም። በያጁ ጣቱን አስሮ መጥቶ “አንተም ነክሰኸኛል፣ እኩል ነን” አለኝ፤ ሳቅሁ፣ ጎኔ ግን አላሳቀኝም። አጎታችን ብርቱካን በከረጢት ይዞ ሆስፒታል መጣና የእማዬ አልጋ እግር ሥር ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እማዬ በደብተሯ አናቱን መታችው። ከዚያም “መንጋጋ የተሰበረበት ሰው ብርቱካን ያኝካል?” ብላ ጻፈችለት።

ቀዶ ሕክምናዋ ደህና ወጣ። ከመንጋጋዋ የትንሽ ጣት ያህል የሞተ አጥንት አወጡና በብረት ሳህን አያያዙት። መድኃኒቱን ለጊዜው አቁመውላታል፤ የጀርባዋ በሽታ ባለበት ቆሟል ይላሉ፣ ቢያንስ ለአሁን። የካርዱን ነገር ስነግራት ደብተሯን ሳበችና “ያስጻፍኩህ እኔ ነኝ” ብላ ጻፈች። ከሥሩ “የጻፍኩት እኔ ነኝ” ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን አገላበጠችው፤ በጀርባው ደግሞ “አሁን ለልጄ ሁሉንም ንገራት፣ አንድ አታስቀር” አለች። ይኸው አላስቀረሁም። በእኔ ላይ የምትፈርጂውን ፍረጂ፤ ግን የሰበርኩት የቱን እንደሆነ አውቀሽ ፍረጂ።

ለጋሼ ባለቤትሽ እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ለትልቋ፣ አጎትሽ በደንብ ልበሺ ብሎሻል በያት፤ ትንሹንም ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። ለአማትሽ ከሁሉ የበለጠ ሰላምታ፤ እሳቸውም አጥንታቸው ሳስቷል ተብሎ በየስድስት ወሩ መርፌ እንደሚወጉ ነግረሽኝ ነበር። መርፌውን በራሳቸው እንዳያቋርጡ፤ ነገር ግን ጥርሳቸውን ማንም ከመንካቱ በፊት መወጋታቸውን ለሐኪሙ ይንገሩ፣ ሳይጠየቁም ይንገሩ። እዚህ አጎታችን፣ ልብስ ሰፊዋ፣ በያጁም ሳይቀር ሰላም ይሉሻል።

እማዬ አፏ በሽቦ ስለታሰረ ስድስት ሳምንት አትናገርም። የእኔን ስልክ መክፈት ካልሆነልሽ በልብስ ሰፊዋ ስልክ ደውዪ፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋላት ትወጣለች። አንቺ ብቻ አውሪ። በጣቷ ስልኩን አንዴ ከነካች አዎ ማለቷ ነው፣ ሁለቴ ከነካች አይደለም። ትናንት ከነርሷ ጋር ስትለማመድ አይቻታለሁ። ድምፅሽ ምነው ደከመ ብለሽ እንዳትጠይቂያት፤ አሞሻል ወይ ብለሽ ጠይቂያት። አንዴ ትነካዋለች።

ወንድምሽ

ከእማዬ አልጋ አጠገብ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል
መጋቢት 9 ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት